ነፋስ የገባበት እሳት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት የቤት ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ። ነጠላ ያጣፉ እናት ከልጃቸው ጋር አንድ ኦቨን ፊት ቆመዋል። ወጣቱ ሻጭ የመስተዋት በሩን ከፍቶ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ በተበሳሳ ላሜራ የተሸፈነውን ክብ ነገር በጣቱ ያሳያል።

«ይሄኛው ፋን አለው፣ እናቴ። ዋጋው የጨመረው ለዚያ ነው።»

«እሳት ውስጥ ቬንትሌተር ምን ይሠራል ልጄ? ሊያቀዘቅዘው ነው?»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሻጩ ግን ጥያቄውን የለመደው ይመስላል። «ኧረ ማቀዝቀዝስ አይደለም! ሙቀቱን ያዞረዋል። ቶሎ ያበስላል፣ መብራትም ይቆጥባል።»

«ድፎስ ይጋግራል?»

«ምን የማይጋግረው አለ እማማ፣ ሁሉንም ነው!»

የእናትየው ጥያቄ ከሻጩ መልስ የተሻለ ነበር። ፋን ያለውና ፋን የሌለው ኦቨን የአንድ ዕቃ አዲስና አሮጌ ሞዴል ተደርገው ይሸጣሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይራራቃል። በሥራቸው ግን ሁለት የተለያዩ እሳቶች ናቸው። አንዱ የሚያሳምረውን ሌላው ያበላሸዋል። ልዩነቱ ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የምግብ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ያላሰቡት መልክ ይይዛል።

ከሩዋንዳ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል እስከ ሰሚትና አያት በተዘረጋው የከተማው ምሥራቅ፣ ኦቨን የባለጸጋ ቤት ጌጥ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ባለአራት ምድጃ ስቶቭ ከነኦቨኑ ይገዛል፤ ከዓረብ አገር የተመለሰች እኅት የለመደችውን ዓይነት ታስመጣለች፤ የልደት ኬክ በቤቷ ሠርታ በቴሌግራም የምትሸጥ ወጣት ደግሞ በሁሉም ብሎክ አትጠፋም። እውነቱን ለመናገር ግን በብዙ ቤት ያ ኦቨን የመጥበሻና የትርፍ ድስት ማስቀመጫ ሆኖ ነው የቀረው። መጀመሪያ የተሞከረው ኬክ አንድ ወገኑ ተንጋዶ፣ አናቱ ተሰንጥቆ፣ መሀሉ ሟሽሾ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማንም በሩን አልከፈተውም።

ፋን የሌለው ኦቨን አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ሬዚስታንስ አለው፤ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ እሳቱ ከታች ነው። ሽቦዎቹና የኦቨኑ ግድግዳዎች ሲግሉ ሙቀታቸውን በጨረር ወደ ምግቡ ይረጫሉ፤ አየሩም ቀስ ብሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች ስለሚሄድ የላይኛው መደርደሪያ ሁልጊዜ ይበልጥ የጋለ ነው። ሁለት ፓትራ ደርበው ቢያስገቡ የላይኛው ሥሩ ሳይበስል አናቱ ይቀላል፤ የታችኛው ደግሞ አናቱ ነጥቶ ሥሩ ያርራል።

ፋን ያለው ይህንን ያስተካክላል፤ ግን አየሩን ማዳረስ ብቻ አይደለም ሥራው። ቀዝቃዛ ሊጥ ወይም እርጥብ ሥጋ ኦቨን ውስጥ ሲገባ፣ ገጹን ተጠግቶ የሚቀመጥ ስስ፣ እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ አየር አለ። ዙሪያው 180 ዲግሪ ቢሆንም ምግቡ ሙቀቱን የሚያገኘው በዚያ ስስ አየር ተጣርቶ ነው። ፋኑ ያንን አየር እየጠረገ አዲስ ሞቃት አየር ይተካበታል። ትኩስ ሻይ ላይ እፍ ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ሙቀቱን እናስወጣለን፣ ፋኑ ያስገባል። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ላይ ያለው ቁጥር ሳይለወጥ ለምግቡ የሚደርሰው ሙቀት ይጨምራል። የፋን ኦቨን አምራቾች «ከምግብ አሠራሩ ላይ 20 ዲግሪ ግድም ቀንሱ፣ ወይም ሰዓቱን በሩብ አሳጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ፋን ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። እውነተኛው ባለፋን ኦቨን በፋኑ ዙሪያ የተጠቀለለ ሦስተኛ ሬዚስታንስ አለው፤ ነፋሱ ከምንጩ ሞቆ ይወጣል። በርካሹ ዓይነት ውስጥ ግን ፋኑ የላይና የታቹ ሽቦ ያሞቁትን አየር ከማማሰል በቀር የራሱ ሙቀት የለውም። መመሪያው በቱርክኛ ወይም በቻይንኛ ብቻ ታትሞ በሚመጣበት ገበያ ይህንን ለማወቅ ማብሪያው ላይ የተሣሉትን ምልክቶች ማንበብ ይበቃል። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሁለት አግድም መሥመር ፋን የሌለበት የላይና የታች እሳት ነው። በክብ ውስጥ ያለ የፋን ሥዕል የራሱ ሬዚስታንስ ያለው ፋን ነው። ፋኑ በሁለት መሥመሮች መሀል ከሆነ የሚያማስለው ዓይነት ነው። ከላይ ጥርስ ጥርስ ያለው መሥመር ደግሞ ግሪል ነው። ሻጭ ሲጠየቅ «ሁሉንም ነው» ሊል ይችላል፤ ማብሪያው ግን አይዋሽም።

እንግዲህ ወደ እናትየው ጥያቄ። ድፎ ይጋግራል ወይ?

ድፎ ዳቦ ኦቨን ከመምጣቱ በፊትም በኦቨን ሥርዓት ሲጋገር የኖረ ዳቦ ነው። ምጣዱ በምድጃው ላይ ይጣዳል፣ የኮባ ቅጠል ይነጠፍበታል፣ ኩፍ ያለው ሊጥ ይፈስበታል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ ይከደናል፣ ከክዳኑ በላይ ፍም ይደረጋል። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። መከራ ከሁለት ወገን የመጣበት ሰው «ከላይም እሳት ከታችም እሳት፣ እንደ ድፎ ዳቦ ሆንኩ» የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ያ ምጣድ ያለ ሽቦና ያለ ቴርሞስታት፣ ማብሪያው ላይ ሁለት አግድም መሥመር ተሥሎ የምናየው አሠራር ራሱ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ትልቁ ሠራተኛ ኮባው ነው። ብዙ ሰው ለሽታውና ለመልኩ ይመስለዋል፤ ሽታውም ቀላል ነገር አይደለም። ዋናው ሥራው ግን እርጥበት መያዝ ነው። የዳቦ ሊጥ እሳት ሲነካው ለጥቂት ደቂቃ በኃይል ያብጣል፤ ውስጡ ያለው ጋዝና እንፋሎት ይሰፋል፤ እርሾውም እስኪሞት ድረስ ይጣደፋል። በዚያ ጊዜ የሊጡ ገጽ ለስላሳና እርጥብ ሆኖ መለጠጥ አለበት። ገጹ ቀድሞ ደርቆ ቅርፊት ከያዘ ግን ውስጡ የሚገፋው ጋዝ መውጫ ፈልጎ በደካማው በኩል ይሰነጥቀዋል። ኮባው የራሱን ውሃ እየለቀቀ፣ የሊጡንም እንፋሎት እያፈነ፣ ገጹን እስከመጨረሻው እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል።

ፋን የሚጠላው ይህንኑ ነው። እርጥበትን እየጠረገ ማስወገድ ሥራው ስለሆነ፣ ድፎን ያለ ክዳን በፋን ኦቨን ያስገባ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ የቀላ፣ የሚያምር፣ ሲቆረጥ መሀሉ ሊጥ የሆነ ዳቦ ያወጣል። በኮባ ጠቅልሎ ከከደነው ደግሞ ነፋሱ የሚያገኘው ቅጠሉን ብቻ ነው፤ ከፋኑ የሚገኘው ትርፍ ኢምንት ይሆናል። አምስት ስድስት ኪሎ የሆነ ሊጥ መሀሉ የሚበስለው ሙቀት በራሱ በሊጡ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰርግ ነው፤ ያንን ጉዞ ምንም ዓይነት ነፋስ አያፋጥነውም። ስለዚህ ለእናትየው የሚገባው መልስ «ይጋግራል፣ ፋኑ ከጠፋ» የሚል ነበር።

ፋኑ ታዲያ ከየት መጣ? ታሪኩ፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ ለቦሌ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ከአውሮፕላን ነው የጀመረው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ በ1945 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊው ዊልያም ማክስሰን በረጅም በረራ ለሚጓዙ ወታደሮች በስሎ በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ ምግብ በትሪ ማቅረብ ጀመረ። ምግቡን ሰማይ ላይ የሚያሞቅ፣ ቀላል፣ ትንሽና ፈጣን ኦቨን ያስፈልግ ነበርና ከኋላው ፋን ያለው ሣጥን ሠራ፤ «ዊርልዊንድ» ብሎም ሰየመው። ትሪዎች ተጠጋግተው በተደረደሩበት ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሙቀት በራሱ ጊዜ እየወጣና እየወረደ ሁሉንም እስኪያዳርስ መጠበቅ አይቻልም፤ ነፋስ መግፋት ነበረበት። በዚያው ዓመት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ።

ዛሬ ቦሌ ላይ ከሁሉ የበዛው የፋን ኦቨን ያለው አየር መንገዱ ዘንድ ቢሆን አይደንቅም። የምግብ ዝግጅት ክፍሉ በቀን 100 ሺህ ምግብ የማሰናዳት ዐቅም እንዳለው ይገልጻል፤ ምግቡ መሬት ላይ ይበስላል፣ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ አየር ላይ ደግሞ በአውሮፕላኑ ወጥ ቤት ባሉት ትናንሽ ኦቨኖች ይሞቃል። ተሳፋሪው ሳህኑ ላይ የሚያየው የአሉሚኒየም ክዳን እንዲሁ ለንጽሕና ብቻ የተደረገ አይደለም። ክዳን ባይኖረው ነፋሱ ሩዙን እንደ ጠጠር፣ ዶሮውን እንደ ቋንጣ አድርጎ ያደርቀው ነበር። ኮባው ለድፎ የሚሠራውን ሥራ ያ ስስ ክዳን ለበረራው ሩዝ ይሠራል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከፍታ ላይ ሲሆኑ የውስጣቸው አየር እስከ 2,400 ሜትር ግድም ያለ ቦታን አየር ያህል ይሳሳል፤ ማለት ቦሌን ያህል ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አየር መንገዱ ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር ግን ውስጡን ከ1,800 ሜትር ብዙ በማያልፍ ከፍታ ልክ ያቆየዋል። ቦሌ ላይ በሩ ተዘግቶ ወደ ሰማይ ሲወጣ የካቢኑ አየር እየወፈረ ይሄዳል እንጂ አይሳሳም። ከሰሚት ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ካለው ኦቨን ይልቅ 12 ሺህ ሜትር ላይ እየበረረ ያለው ኦቨን ወፍራም አየር አለው።

ይህ ለወጥ ቤት ምን ያመጣል? ብዙ ነገር። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ነው። ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ ዳቦም ሆነ ኬክ፣ ውስጡ ውሃ እስካለ ድረስ፣ ኦቨኑ 180ም ይሁን 220 ውስጡ ከ92 ብዙ አይዘልም። ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ላይ «የዳቦው መሀል 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ» የሚለውን ተከትሎ ቴርሞሜትር ሰክቶ የሚጠብቅ ሰው ዳቦው ድርቆሽ እስኪሆን ይጠብቃል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚሰጠው ጋዝም ግፊት ስለቀነሰለት በሦስት እጅ አንድ ግድም የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ኬኩ ፈጥኖ ይነሣል፣ የሚሸከመው ግድግዳ ገና ሳይጠነክር ይወጠራል፣ ከዚያም መሀሉ ሟሽሾ ይቀመጣል። ያ ቀድሞ የተጠቀሰው የመጀመሪያ ኬክ የተበላሸው በገዢዋ የእጅ ሙያ ማነስ አልነበረም።

የከፍታ መጋገርን ጉዳይ ዓለም በብዛት የተማረው ከኮሎራዶ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዴንቨር አካባቢ። ዴንቨር ግን 1,600 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከእርሷ በ700 ሜትር ትበልጣለች። የኮሎራዶ ሊቃውንት እንደ እኛ ላለ ከፍታ የሚመክሩት ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ መቀነስ፣ ለአንድ ኩባያ ስኳር ከአንድ እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማጉደል፣ ፈሳሹን በጥቂት ማንኪያ መጨመር ነው። የኦቨኑን ሙቀት ደግሞ ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ ማድረግ፤ ጋዙ ከመጠን በላይ ሳይሰፋ ኬኩ ቶሎ ቅርጹን እንዲይዝ።

ሁለቱ ምክሮች የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። የፋን ኦቨኑ መመሪያ «20 ቀንስ» ይላል፤ የከፍታው መመሪያ «10 ጨምር» ይላል። አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው ምክር የተጻፈው ወፍራም አየር ባለበት አገር ነው። ነፋስ ሙቀት የሚሸከመው በአየሩ ብዛት ልክ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ የፋኑ ጉልበትም አብሮ ይሳሳል። ከጋለ ሽቦና ከጋለ ግድግዳ የሚመጣው ጨረር ግን አየር አያስፈልገውም፤ ቦሌም ላይ ጅቡቲም ላይ ያው ነው። ከፍታው የሚቀማው ከነፋሱ ነው፤ የላይና የታቹን እሳት እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወጥ ቤት ፋን ከፍቶ ለመጋገር የሚነሣ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ 20 ዲግሪ ከመቀነስ 10 ቀንሶ ቢጀምር ይሻለዋል።

ስስና ደረቅ መሆን ያለበት ነገር የፋን ድርሻ ነው። ኩኪስ በሁለት ፓትራ አንድ ላይ ገብቶ እኩል ይቀላል። ዶሮ አሮስቶ ቆዳው የሚንኮሻኮሸው ነፋሱ እርጥበቱን ስለሚወስድለት ነው፤ ድንችም እንዲሁ። ለእኛ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አለው፤ ዳቦ ቆሎ። ምጣድ ላይ ቆሞ ሲያማስሉ ከመዋል፣ ዘይት የነካውን ቁርጥራጭ በፓትራ በትኖ በ150 ዲግሪ ግድም ከነፋን ማስገባት፣ አንድ ሁለቴ መነቅነቅ፣ ማውጣት። ድርቆሽም በዝቅተኛ ሙቀት፣ በሩ በትንሹ ገርበብ ብሎ፣ ክረምት ላይ ፀሐይ መለመን ሳያስፈልግ ይደርቃል። በየሱቁ የሚሸጠው ኤር ፍራየርም ሌላ ተአምር አይደለም፤ ፊሊፕስ በ2010 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ጀምሮ ጠባብ ሣጥን ውስጥ የገባ ኃይለኛ ፋን ያለው ኦቨን ነው። ለሁለት ሰው ድንች ለመጥበስ ትልቁን ኦቨን ከማጋል እርሱ ይሻላል፤ ድፎን ግን አያስቡት።

ቁመት ያለው፣ ለስላሳና እርጥብ መሆን ያለበት ነገር ነፋስ አይወድም። የልደት ኬክ ከእነዚህ አንደኛው ነው። ፋኑ ከአንድ ወገን ስለሚነፍስ ፈሳሹ ሊጥ ገና ሳይረጋ ወደ አንድ በኩል ያጋድላል፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከሥር የሚነሣው ይሰነጥቀዋል። የጾም ኬክ ደግሞ ከዚህም የባሰ ቀጭን ነፍስ አለው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት አገር የጾም ኬክ ትእዛዝ ትልቅ ገበያ ነው፤ ነገር ግን ዕንቁላል ስለሌለው ኬኩን የሚያቆመው ግድግዳ ደካማ ነው፤ የሚያነሣውም ብዙ ጊዜ የሶዳና የኮምጣጤ ጋዝ ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው ይፈጥናል። ከፍታው አንድ ጊዜ ይገፋዋል፤ ፋን ሲጨመርበት መውደቁ አይቀርም። ላዛኛ መሀል ሰፋሪ ነው፤ መጀመሪያ ተሸፍኖ ያለ ፋን፣ መጨረሻ ላይ ተገልጦ ለዐሥር ደቂቃ ከፋን ጋር።

በሰፈር ዳቦ ቤት ያለው ታሪክ ለየት ይላል። ገርጂም ሆነ ጉርድ ሾላ፣ በበዓል ዋዜማ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ድፎ ለማስጋገር የተሰለፈውን ሰው ያየ ያውቀዋል። ሊጡ በየፓትራው ኮባ ለብሶ፣ የባለቤቱ ስም በወረቀት ተጽፎበት ይጠብቃል። ልጅ ተልኮ ከሆነ «እትዬ ቅድም ነው የሰጡት፣ የእኛ ቀድሞ ይገባል» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ጋጋሪውም በዱቄት በነጣ እጁ ሁሉንም ዝም ያሰኛል። ከጀርባው ያለው ትልቁ ሮታሪ ኦቨን ጋሪውን ከነትሪዎቹ ውጦ ያሽከረክረዋል። እርሱም በነፋስ የሚሠራ ነው። ታዲያ የእርሱ ዳቦ ለምን አይደርቅም? እንፋሎት ስላለው ነው። ጋጋሪው ጋሪውን አስገብቶ በሩን እንደዘጋ የእንፋሎት ቁልፉን ይጫናል፤ ውሃው በጋለ ብረት ላይ ፈስሶ ክፍሉን በጉም ይሞላዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ ፋኑ ይቆማል ወይም ይዝላል፤ ዳቦው ካበጠ በኋላ ነፋሱ ተለቆ ቅርፊቱን ያቀላዋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ተመርቆ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ እንዲያመርት የተተከለው የሸገር ዳቦ ፋብሪካም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ በመጀመሪያ እርጥበት፣ በኋላ ደረቅ ሙቀት።

የቤት ኦቨን ያ ቁልፍ የለውም። ምትኩ ቀላል ነው፤ ኦቨኑ ሲግል ከታች ባዶ ፓትራ ማስቀመጥ፣ ዳቦው ሲገባ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ እዚያ ላይ ማፍሰስ፣ በሩን ቶሎ መዝጋት፣ ፋኑን ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አለማብራት። ክዳን ባለው ወፍራም የብረት ድስት ውስጥ መጋገርም ያው ውጤት አለው።

ስለ መብራት ሳይነሣ የቀረ እንደሆነ የአዲስ አበባ ጽሑፍ አይሆንም። ሻጩ «ይቆጥባል» ማለቱ ውሸት አይደለም፤ ቶሎ የሚያበስልና ሁለት ፓትራ በአንዴ የሚሠራ ኦቨን ያነሰ ቆጣሪ ያስቆጥራል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ስለተወሰነ ቁጠባው ቁም ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የገቢ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ግን ገዢ ያውቀዋል፤ ለፋኑ የተጨመረውን ብር ከቆጣሪ በሚተርፍ ሳንቲም ለመመለስ ብዙ ኩኪስ መጋገር ያስፈልጋል።

ከቁጠባው ይልቅ ወጥ ቤቱን የሚያስቸግረው የኃይሉ ጥራት ነው። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋ ዋት ዐቅም ተመርቋል፤ የአንድ ኮንዶሚኒየም ኦቨን ግን የሚታዘዘው ለሰፈሩ ትራንስፎርመርና ለአሮጌው ገመድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ምጣዱና ኦቨኑ አንድ ላይ ከበሩ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ባይወድቅ ደግሞ ሶኬቱ ይቀልጣል። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣዱን ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ የሬዚስታንሱ ጉልበት ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ የሙቀት ኃይል የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነውና። ማብሪያው ላይ 180 ተጽፎ ሳለ ኦቨኑ እዚያ ለመድረስ ይዳክራል። ጥሩ ጋጋሪ ሴቶች በማብሪያው ቁጥር ሳይሆን መደርደሪያው ላይ በሚሰቀል ትንሽ ቴርሞሜትር የሚተማመኑት ለዚህ ነው። ከፋኑ በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ቢኖር እርሱ ነው፤ ዋጋውም ከፋኑ ጋር አይወዳደርም።

መብራት መሀል ላይ ከጠፋስ? ፋን የሌለው ኦቨን እዚህ ላይ ይሻላል። የጋሉት ግድግዳዎች ሙቀታቸውን ለጥቂት ጊዜ ስለሚያቆዩ በሩን አለመክፈት ብቻ ብዙ ዳቦ ያድናል። ነፋሱ ሲቆም ግን በ160 ዲግሪ ከፋን ጋር ይበስል የነበረው ኬክ ድንገት በ160 ዲግሪ ያለ ፋን ይቀራል፤ ያ ደግሞ ለኬክ አይበቃም። ጋዝና መብራት የተቀላቀለበት ስቶቭ ያለው ሰው ኦቨኑ የትኛው እንደሆነ ሲገዛ ቢጠይቅ ደግ ነው።

እናትየው በመጨረሻ የትኛውን እንደገዙ አላየሁም። ልጅቱ ባለፋኑ ላይ ዐይኗን ጥላ ነበር፤ እርሷ ኩኪስና ዶሮ ታስባለች፣ እናትየው ድፎ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በአንድ ኦቨንም ሊስማሙ ይችላሉ፤ ማብሪያው ላይ ሁለቱ አግድም መሥመሮች ለብቻቸው ካሉ። በገበያው ላይ ግን ሲበራ ፋኑም አብሮ የሚነሣ፣ ለብቻው የማይጠፋ ኦቨን አለ፤ በተለይ ከትናንሾቹ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጡት ውስጥ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳሉ ሶኬቱ ላይ ያስሰኩት፣ ማብሪያውን ወደ ሁለቱ መሥመሮች ያዙሩት፣ ጆሮዎን ያስጠጉ። ነፋሱ ዝም ካላለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አይግዙት።